ጥሪና ተልእኮ

ቀድሞ ያስተማርነው አንድ ወጣት ዲያቆን በመምህርነት ከተመደበበት የቆላ አገር ባለፈው የጾም ወራት ደብዳቤ ጻፈልን። በዚያ አካባቢ ቤተ ክርስቲያን የለም። ለሥራ ብለው የገቡ ጥቂት ክርስቲያኖች ሕፃን ሲወለድላቸው ለጥምቀት፥ ሰው ሲሞትባቸው ለፍትሐት የአንድ ቀን መንገድ ይጓዛሉ። የአገሩም ተወላጆች ማታ ማታ ወደ ቤቱ እየመጡ ስለ ሃይማኖቱ ይጠይቁታል። በደብዳቤውም መጨረሻ፥ «የኔታ፥ በዚህ ቦታ ቤተ ክርስቲያን እንዳቆም እግዚአብሔር የጠራኝ ይመስለኛል፤ ሥራዬን ትቼ ዛሬውኑ ልጀምርን?» ብሎ ጠየቀን።

እንዲህ ያለውን አሳብ የወጣትነት ስሜት ነው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ «በርታ» ብሎ መሸኘትም ቀላል ነው። ነገሩ ግን የአንድን ሰው ሕይወት፥ የብዙዎችንም ነፍስ የሚነካ ስለ ሆነ፥ መልስ ከመስጠታችን በፊት በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን የምናስበውን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ እንደገና ተመለከትን።

ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ከኤዴስዮስ ከራሱ ሰምቶ እንደ ጻፈው፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ገና ልጆች ሳሉ ከጢሮሱ ፈላስፋ ከሜሮጵዮስ ጋር በባሕር ይጓዙ ነበር። መርከባቸው ውሃና ስንቅ ለመያዝ በቆመችበት ወደብ የአገሩ ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሉ፤ ሁለቱን ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ስላገኟቸው አዝነውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡም ኤዴስዮስን መጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን የመዝገብና የጽሕፈት ሹም አደረጋቸው። ንጉሡ ሲሞት ልጁ ሕፃን ነበርና፥ ንግሥቲቱ በመንግሥቱ አስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው።

ፍሬምናጦስ ሥልጣን በእጁ በገባ ጊዜ ምን አደረገ? ራሱን ካህን አላደረገም። ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ አገኛቸው፤ የሚጸልዩበትን ቦታ አሰጣቸው፤ ለሥራውም የሚያስፈልገውን ሁሉ ረዳቸው። አልጋ ወራሹ ባደገ ጊዜ የተቀበለውን አደራ አስረከበ። ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ ወደ ጢሮስ ሲመለስ፥ እርሱ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. መንበሩን ለያዘው ለቅዱስ አትናቴዎስ፥ ለተሰበሰቡት ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው አመለከተ። ልብ እንበል፤ ሌላ ሰው እንዲላክ ለመነ እንጂ ራሱን አላቀረበም። አትናቴዎስም ከካህናቱ ጋር መክሮ፥ ከርሱ የተሻለ እንደማይገኝ ስላመነ ራሱን ሾሞ መለሰው። የዚህም ፍሬ በንጉሡ በኢዛና ገንዘብ ላይ በተቀረጸው መስቀል እስከ ዛሬ ይታያል።

እንግዲህ ጥሪ ወደ አንድ ሰው ልብ ይመጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በአንድ ሰው አትቆምም። ሥርዓታችንም ይህንኑ ያስተምረናል። ታቦቱ በጳጳስ ካልተባረከ አይገባም፤ ቅዳሴውም ቢያንስ አምስት ልዑካን፥ ይኸውም ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይሻል።

ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍንለት፦ «ልጃችን ሆይ፥ ጥሪህን አንንቅም፤ የተማሪዎችህን አደራ ግን አትጣል። በመጀመሪያ በዚያ ያሉትን ክርስቲያኖች በየሰንበቱ ለጸሎት ሰብስብ። የአገሩን ሰዎች ቋንቋ አጥብቀህ ተማር፤ ሽማግሌዎቻቸውን አክብር፤ መሬታቸውን ከመለመንህ በፊት ፍቅራቸውን ለምን። ከዚያም ከምእመናኑ ጋር ሆነህ ለሀገረ ስብከቱ ሊቀ ጳጳስ አመልክት። ሌላ ሰው ቢላክ ደስ ይበልህ፤ አንተ ብትላክ ግን ፍራ።»

ከሁለት ወር በኋላ መልሱ ደረሰን። ዐሥራ አንድ ቤተ ሰቦች ፈርመው ማመልከቻውን አቅርበዋል። ካህን ገና አልተላከላቸውም፤ ነገር ግን በየእሑዱ ማለዳ ከአንድ ዋርካ ሥር እየተሰበሰቡ ይጸልያሉ፤ እርሱም ሰኞ ሰኞ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል።

ይህን የምንጽፈው እኛ ስለ በለጥን አይደለም። በወጣትነታችን እንዲህ ያለ አሳብ ለእኛም መጥቶልን ነበር፤ ለማንም ሳንነግረው በልባችን ውስጥ ቀዘቀዘ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ከልጆቻችሁ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግራችሁ አትሳቁበት፤ ብቻውንም አትስደዱት። እጁን ይዛችሁ ወደ ንስሓ አባታችሁ ውሰዱት፤ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ።