እኛ በሌለንበት ስብሰባ

ኪርያት ጋት። አርብ ጠዋት ነው፤ አባቴ ቤት ቡና ተፈልቷል። ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣች ነጭ አስተማሪ፣ እንደ ልማዷ ወርዳ ከእኛ ጋር ተቀምጣለች። ማታ በዜና ስለ ወጣቶቻችንና ስለ ፖሊስ የሆነ ነገር አይታ ኖሯል፣ ስኒዋን እንደያዘች አባቴን ጠየቀቻቸው። «እንዲህ ያለ ነገር በእናንተም ቤት ይደርሳል? እኔስ ምን ላድርግ?»

አባቴ ፈገግ አሉ። «ኧረ ምንም የለም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው።»

ሁለተኛው ቡና ተቀዳ፣ ወሬውም ወደ ገበያ ዋጋ ዞረ።

በዚያው ሳምንት ወንድሜን ከሥራ ሲመለስ ሁለቴ መንገድ ላይ አስቁመው ቴኡዳት ዜሁት ጠይቀውታል። አብረውት የሚሄዱትን ነጭ ጓደኞቹን ማንም ምንም አላላቸውም። አባቴ ይህን ያውቃሉ። ሌሊቱን ሲገላበጡ ያደሩትም በዚሁ ነገር ነው። እንግዳዋ ከሄደች በኋላ «ለምን አልነገሯትም?» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሰው ቡና ሊጠጣ መጥቶ ሐዘን ተሸክሞ ይሂድ እንዴ?» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ለአባቶችና ለእናቶች የምጽፈው ለዚህ ነው። ስለ ዘረኝነት ብዙ ተጽፏል፤ ሰልፍም ተወጥቷል። ከልቡ ሊያግዘን የሚፈልግ ነጭ ምን ቢያደርግ ይጠቅመናል የሚለውን ግን ብዙም አንነጋገርበትም። እሱ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም እኛ ይሉኝታ ይዞን «ምንም የለም» ብለን እንሸኘዋለን።

እርግጥ «ነጭ» የሚለው ቃል በእኛ ከተማ ትንሽ ያስቸግራል። ኪርያት ጋት በ1950ዎቹ ስትቆረቆር አብዛኞቹ የመጀመሪያ ነዋሪዎቿ ከሞሮኮ የመጡ ነበሩ። የእነሱ ሽማግሌዎችም ስለ ማዓባራው ኑሮና ስለ ደረሰባቸው ንቀት የሚያወሩት አያልቅባቸውም። አንዱን የሰፈራችንን ባለሱቅ «እናንተ ነጮች» ብለው፣ «እኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነጭ የሆንኩት?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም እሱን መንገድ ላይ አስቁሞ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። እኔ እዚህ ነጭ የምለው በሩ ሲንኳኳ ቆዳው አስቀድሞ የማይናገርበትን ሰው ነው።

አሁን ከእኛ ብዙም የማትርቀውን ኪርያት ማላኪን አስታውሱ። በጥር 2012 በአንዳንድ ሕንፃዎች ያሉ ባለቤቶች ለኢትዮጵያውያን ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው በቴሌቪዥን ወጣ። ልጆቻችን እዚያው ኪርያት ማላኪ፣ ቀጥሎም የሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። ከመካከላችሁም የሄዳችሁ አላችሁ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ ነገሩን ሳስበው የሚከነክነኝ ስምምነቱ ራሱ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር የሚወሰነው ጎረቤትና ጎረቤት ሲነጋገር ነው፣ በደረጃው ላይ ወይም በአንዱ ሳሎን። በዚያ ቦታ እኛ የለንም። እኛ ብንኖር ኖሮ ነገሩ አይነሳም ነበር። «ይኼ ነውር ነው፣ እኔ አልፈርምም» ሊል የሚችለው እዚያ የተቀመጠው ነጭ ጎረቤት ብቻ ነው። አንድ ሰው እንዲህ ካለ ሁለተኛው ድፍረት ያገኛል፤ ሁሉም ዝም ካለ ግን ወረቀቱ ይዞራል።

የእኛን ታሪክ ስመለከት፣ ቁም ነገር የሠሩልን ሰዎች አብዛኞቹ በራሳቸው ቤትና በራሳቸው ወንበር ላይ ሆነው የሠሩ ናቸው። በ1985 ራባኑት ለመጋባት መጀመሪያ ምቅዌ ገብታችሁ ጥለቁ ሲለን፣ የሩሳሌም ከራባኑት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጣችሁ የተቃወማችሁት እናንተ ናችሁ። ያ የእናንተ ድምፅ ነበር፤ ማንም አልተናገረላችሁም። ሆኖም የነታንያው ዋና ራባይ ዳቪድ ሸሉሽ፣ ከእኛ ወገን ሳይሆኑ፣ ይህን ቅድመ ሁኔታ ሳይጠይቁ ያጋቡን ነበር። በ1989 ደግሞ የማኅበረሰባችንን ጋብቻ እንዲመዘግቡ ተሾሙ። ከመላ አገሪቱ ሙሽሮች ወደ ነታንያ ይሄዱ እንደነበር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ራባዩ በእጃቸው የነበረው ብዕርና ማኅተም ነው፤ እሱን ተጠቀሙበት። ከዚህ የሚበልጥ እርዳታ እኔ አላውቅም።

በ2018 የባርካን የወይን ፋብሪካ የኮሸር ፈቃድ የሚሰጥ አንድ ጥብቅ አካል አይሁድነታችንን ስለተጠራጠረ ብቻ የእኛን ሠራተኞች ወይኑን እንዳይነኩ ከቦታቸው አንስቶ ነበር። የሴፋርዲ ዋና ራባይ ይጽሐቅ ዮሴፍ ነገሩ ንጹሕ ዘረኝነት ነው ብለው በግልጽ ተናገሩ፤ ሕዝቡም ተቆጣ፤ ፋብሪካውም ውሳኔውን መለሰ። ስለ ኮሸር ጉዳይ የራባይን ያህል የሚደመጥ የለም። እኛ ስንናገር «ተበድለናል ባዮች» እንባላለን። እሳቸው ሲናገሩ ግን ሃይማኖቱን አታውቀውም ሊላቸው የሚችል አልነበረም።

ሌላ ዓይነት ወዳጅም አለ። ሰልፍ ላይ መጥቶ ድምፅ ማጉያውን ቀድሞ የሚይዝ፣ ወይም ስለ እኛ ስቃይ ሲያወራ አልቅሶ በመጨረሻ እኛው የምናባብለው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንዲህ ያሉ ብዙ አጋጥመውኛል። «አንቺ እኮ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም» የሚሉኝም ነበሩ፤ እንደ ምርቃት ቆጥረው ነው የሚሉት። ሌሎቹ እነማን ናቸው? አባቴ ናቸው፣ እናቴ ናት፣ ወንድሜ ነው።

በሰኔ 2019 መጨረሻ የ18 ዓመቱ ሰለሞን ተካ ኪርያት ሐይም ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጪ በነበረ ፖሊስ ጥይት ሲሞት፣ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ነጮች አብረውን አዘኑ። መንገድ ሲዘጋና መኪና ሲቆም ግን የአንዳንዱ ሐዘን በማግስቱ አለቀ። «ልክ ናችሁ፣ ግን እንዲህ አይደለም» ማለት ተጀመረ። የተቃጠለውን መኪና እኔም አልደግፍም። ነገር ግን ወዳጅነቱ በመኪና መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት መቆየትን ካልቻለ፣ ከዚያ ለሚበልጥ ነገር እንዴት እንተማመንበት?

ታዲያ ጎረቤታችን «ምን ላድርግ?» ስትል ምን ትባል? እኔ ብሆን መጀመሪያ ስለ ምስክርነት እነግራታለሁ። በሚያዝያ 2015 ሆሎን ላይ ወታደር ልብስ እንደለበሰ የተደበደበውን ደማስ ፈቃዳን አስታውሱ። መጀመሪያ የታሰረው እሱ ነበር፤ ፖሊስ መትተሃል ተብሎ። ያዳነው የጥበቃ ካሜራ ነው። ካሜራ በሌለበት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ልጃችን መንገድ ላይ ሲቆም፣ የምታልፈው ነጭ ሴት መጮህ የለባትም፤ መጮህ ለልጁ ያከብድበታል። ትንሽ ራቅ ብላ ትቁም፣ ትይ፣ ከተቻለ በስልኳ ትቅረጽ። ሲጨርሱ ለልጁ ስሟንና ስልኳን ትስጠው። በ2016 የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ከወጣ በኋላ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል ተቋቁሟል፤ «ጠበቃ» የተባለው ድርጅታችንም አለ። አቤቱታ የሚቀበሉ አሉ ማለት ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ «እኔ ነበርኩ፣ አይቻለሁ» የሚል ሦስተኛ ሰው ነው።

ሌላው በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነው። «ክፍሉ ውስጥ እነሱ በዙ» የሚባለው እኛ በሌለንበት ነው። እዚያ ትናገር። እኛ ባለንበት ደግሞ እኛው እንናገር፣ እሷ ትስማ።

ግን ይህን ሁሉ ማን ይንገራት? እኔ ብነግራት «ወጣቶች ትኩስ ናቸው» ትላለች። የእናንተ ቃል ይለያል። ሱዳን ድረስ በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሽማግሌ፣ ሰው ማስቀየም የማይወድ፣ «ልጄን ያስቆሙታል፣ ያመኛል» ሲል ቀልድ አይደለም። ይሉኝታ የአገራችን ጌጥ ነው፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ለጥሩ ጎረቤት እውነቱን መደበቅ እሷን ከእኛ ማራቅ ይመስለኛል፤ ቡናችንን ትጠጣለች፣ ቤታችንን ግን አታውቀውም።

ይህን ለአባቴ ደፍሬ ተናገርኩ። ዝም አሉኝ። ሁለት አርብ አለፈ። በሦስተኛው፣ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ገና ሳይበርድ፣ ጎረቤታችን ስትቀመጥ አባቴ ራሳቸው ጀመሩ። በተሰባበረ ዕብራይስጣቸው የወንድሜን ነገር ነገሯት፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሁለቴ መሆኑን። ስኒዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀች።

«ከሥራ የሚመለሰው በስንት ሰዓት ነው?» አለች። «እኔም በዚያ ሰዓት ውሻዬን ይዤ እወጣለሁ።»