የስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቆችና የሕይወት ኬሚካዊ አመጣጥ



ሕይወት ከሌለው ቁስ ሕይወት ያለው ነገር እንዴት ተገኘ? የኬሚስትሪ ምሁራን ይህን ጥያቄ በቤተ ሙከራ መመርመር ከጀመሩ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። በመንገዳቸው ላይ ከገጠሟቸው እንቅፋቶች አንዱ ፎስፎረስ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ለዚህ እንቅፋት ከቀረቡት መፍትሔዎች መካከል ዛሬ የማብራራው ከእኛው አካባቢ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ከአዳማ ተነስተን በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል ወደ ደቡብ ስንጓዝ የምናገኛቸውን ዓይነት ሐይቆች የሚመለከት ነውና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውስ። ሳይንስ የሚጠይቀው «በምን ዓይነት ሂደት?» ብሎ ነው፤ «ለምን ዓላማ?» የሚለው ጥያቄ የራሱ ስፍራ አለው። እኔም በመጀመሪያው ጥያቄ እወሰናለሁ።

ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1871 ለወዳጁ ለጆሴፍ ሁከር በላከው ደብዳቤ አሞኒያና የፎስፎረስ ጨዎች የሚገኙባትን ትንሽ ሞቃት ኩሬ በሐሳቡ ሥሎ ነበር። በ1920ዎቹ ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኦፓሪንና እንግሊዛዊው ጆን ሃልዴን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ሐሳቡን ወደ ሳይንሳዊ መላምት አሳደጉት። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ ወጣቱ ስታንሊ ሚለር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውሃ፣ ሚቴን፣ አሞኒያና ሃይድሮጅን በያዘ የመስታወት ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አሳልፎ የፕሮቲን መሠረት የሆኑ አሚኖ አሲዶችን ማግኘቱን አሳተመ።

ሆኖም ሕይወት ፕሮቲን ብቻ አይደለችም። ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፉት ዲ ኤን ኤና አር ኤን ኤ ናቸው። የእነዚህ ሞለኪዩሎች አከርካሪ ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ የሠሩት ሰንሰለት ነው። ሕዋስ ኃይል የሚያንቀሳቅስበት ኤ ቲ ፒም፣ ሕዋስን ከውጭው ዓለም የሚለየው ስስ ሽፋንም ፎስፌት ይፈልጋሉ። ፎስፌት በሌለበት ዛሬ የምናውቃት ሕይወት የለችም።

እ.ኤ.አ. በ2009 ማቲው ፓውነር፣ ቤያትሪስ ጌርላንድና ጆን ሰዘርላንድ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከአር ኤን ኤ አራት ፊደላት ሁለቱን ከቀላል ሞለኪዩሎች ተነስተው መሥራት መቻላቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስነበቡ። በሥራቸው ፎስፌት የመጨረሻው ምርት አካል ከመሆኑ በፊት፣ ገና ከመነሻው ሂደቱን የሚያፋጥንና የአሲድነቱን መጠን የሚያስተካክል ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ዓይነት ሙከራዎች የሚፈለገው የፎስፌት መጠን ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ውሃ እስከ አንድ ሞል ይደርሳል። በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ የሚገኘው ደግሞ ባብዛኛው የሞል ሚሊዮንኛዎች ብቻ ነው። በቤተ ሙከራውና በተፈጥሮ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሚሊዮን እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። በመስኩ «የፎስፌት ችግር» እየተባለ የሚጠራው ይህ ነው።

የችግሩ ምንጭ ካልሲየም ነው። ፎስፌት ካልሲየም ባገኘ ቁጥር ከእርሱ ጋር ተጣምሮ አፓታይት የተባለ ማዕድን ይሆንና ይዘቅጣል። የጥርሳችንና የአጥንታችን ጥንካሬ የዚሁ ማዕድን ዘመድ ውጤት ነው። ለአጥንት የበጀው ጠባይ ለሕይወት መነሻ ኬሚስትሪ ጠንቅ ሆነ እንበል።

ታዲያ ካልሲየም የሚጠፋበት ውሃ ይኖር ይሆን? በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጆናታን ቶነርና ዴቪድ ካትሊንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ አዎን፣ በካርቦኔት የበለጸጉ ሐይቆች አሉ ሲሉ መለሱ። ካርቦኔትም እንደ ፎስፌት ሁሉ ከካልሲየም ጋር ተጣምሮ ይዘቅጣል። ነገሩን በገበታ ልመስለው። እንጀራና ወጥ አብረው ሲቀርቡ ቀድሞ የሚያልቀው ያነሰው ነው፤ እንጀራው ካለቀ ወጡ ይተርፋል። ወደ ሐይቁ በሚገባው ውሃ ውስጥ ካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ከበለጠ፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ካልሲየሙ ያልቅና ካርቦኔቱ ይከማቻል። የሚጣበቀውን ካልሲየም ያጣው ፎስፌትም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል። እንደ ተመራማሪዎቹ ስሌት ዛሬ ባሉ እንዲህ ዓይነት ሐይቆች ውስጥ ፎስፌት በአንድ ኪሎ ግራም ውሃ እስከ 0.1 ሞል ሊደርስ ይችላል፤ ገባር ውሃው ተቋርጦ ትነቱ ከቀጠለ ደግሞ ከ1 ሞል ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ላስት ቻንስ በተባለ የካናዳ ሐይቅ ላይ የታየውን ከፍተኛ የፎስፌት ክምችት በዚሁ መንገድ አብራርቷል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። መቂና ከታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ። የዝዋይ ውሃ ጨው የማይበዛበት ነው፤ ዓሣ ይሰገርበታል፣ አትክልት ይጠጣበታል። ከዝዋይ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈስሳል፤ የላንጋኖም ትርፍ ውሃ በሆራ ቀሎ በኩል ወደዚያው ይገባል። አብያታ ግን መውጫ የለውም። ውሃው የሚለየው በትነት ነው፤ ጨዉ ይቀራል። ጎረቤቱ ሻላም መውጫ የለውም፤ ጥልቀቱም ከ250 ሜትር ያልፋል። በሶዲየም የበለጸገው የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራዊ ዓለት በውሃ ሲሸረሸር ሶዲየምና ካርቦኔት ወደነዚህ ተፋሰሶች ይገባል። ስለዚህ በቡልቡላ በኩል ጨው አልባው ውሃ ወደ ሶዳ ውሃ የሚለወጥበትን ሂደት በአንድ ቀን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ማየት ይቻላል። ተማሪዎቼን ወደዚያ በምወስድበት ጊዜ ይዘን የምንሄደው የፒ ኤች መለኪያና የናሙና ጠርሙስ ነው፤ ቀሪውን ተፈጥሮ አዘጋጅታዋለች።

የሐይቁ ዳርቻም የራሱ ትምህርት አለው። ትናንሽ ሞለኪዩሎች ተያይዘው ሰንሰለት በሚሠሩበት ጊዜ ውሃ ይወጣል፤ በውሃ በተሞላ ስፍራ ይህ እንዲሆን መጠበቅ ያስቸግራል። በበጋ ደርቆ ነጭ ጨው የሚያወጣ፣ በክረምት ተመልሶ የሚርስ ዳርቻ ግን ማድረቅንና ማራስን እያፈራረቀ ለሂደቱ ያግዛል።

ከዚህ ተነስቶ «ሕይወት ከአብያታ ተጀመረ» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሐይቆቻችን በምድር ዕድሜ ሲለኩ የትናንት ልጆች ናቸው፤ የሕይወት አሻራ ደግሞ ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ያስቆጥራል። ሐይቆቹ ምሳሌ እንጂ መነሻ ስፍራ አይደሉም። በተጨማሪም የዛሬዎቹ ውሃዎች በሕያዋን የተሞሉ ናቸው። አዲስ ስማቸውና አማረ ገሰሰ ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአምስት የኢትዮጵያ ሶዳ ሐይቆች ያልተጠበቀ ብዛት ያላቸው የደቂቅ ዘአካላት ዓይነቶች መኖራቸውን አሳይተዋል። እነዚህ ደቂቃን ፎስፌትን ይመገባሉ፤ ሕይወት ገና ባልነበረበት ዘመን እንዲህ ያለ ተመጋቢ አልነበረም።

ከዳሎልም የምንማረው ጥንቃቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል ፍልውሃ አካባቢ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ማግኘቱን ገለጸ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት አለመገኘቱን፣ ሕዋስ የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶች ግን መኖራቸውን አሳወቀ። ሕዋስ የመሰለ ሁሉ ሕዋስ አይደለም፤ ውሃ ባለበት ሁሉም ሕይወት የለም።

ከፎስፌት ባሻገር ያለው መንገድም ረጅም ነው። ከተናጠል ሞለኪዩሎች ተነስቶ ራሱን የሚያባዛ ሕዋስ የሠራ ቤተ ሙከራ እስከ ዛሬ የለም። አንድ እንቅፋት ተነሣ ማለት መንገዱ አለቀ ማለት አይደለም።

በመጨረሻም ስለ አብያታ ልናገር። ከዝዋይና ከቡልቡላ ለመስኖ የሚሳበው ውሃና ለሶዳ አሽ ምርት ከሐይቁ የሚቀዳው ውሃ የአብያታን ስፋት በእጅጉ ቀንሰውታል። የአካባቢው ገበሬ ውሃ ያስፈልገዋል፤ መስታወትና ሳሙና የሚያመርተው ፋብሪካም ሶዳ አሽ ይፈልጋል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ሐይቁ ሲሸሽ ቆሪጦች የሚመገቡበት ስፍራ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ከዝዋይ እስከ አብያታ የተዘረጋው የተፈጥሮ ሙከራም ሳናነብበው ይቋረጣል። ውሃን ለማከፋፈል የሚቀመጥ ሁሉ ይህንንም በሒሳቡ ቢያስገባው መልካም ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ ግልጽ ነው። ከቡልቡላ መነሻ እስከ አብያታ ዳርቻ የካልሲየምን፣ የካርቦኔትንና የፎስፌትን መጠን በበጋም በክረምትም፣ ዓመት ከዓመት ለኩ፤ መዝግቡ። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። መዝገቡ ስለ ምድር ጥንታዊ ኬሚስትሪ ለሚጠይቁ ሊቃውንትም፣ ስለ ሐይቁ ነገ ለሚወስኑ ኃላፊዎችም ያገለግላል።