ሴት ልጅና የሕንፃ ሙያ

ከሊማሊሞ ቍልቍለት በታች ባለችው በዛሪማም ኾነ በሌላ አገር፥ ሴት ልጅ «ሕንፃ እሠራለሁ» ስትል የሚስቅባት አይጠፋም። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 በባግዳድ የተወለደችው ዛሃ ሐዲድ በቤይሩት ሒሳብን፥ በለንደንም የሕንፃ ንድፍን ተምራ በእንግሊዝ አገር ዝነኛ ነዳፊ ኾነች። መንገዱ ግን ቶሎ አልቀናላትም። በ1983 ለሆንግ ኮንግ፥ በ1994 ለካርዲፍ ያቀረበቻቸው ንድፎች በውድድር ቢያሸንፉም ሳይገነቡ ቀሩ። ሙያዋን ስላልተወች በ2004 ታላቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ከሴቶች ኹሉ ቀድማ ተቀበለች። በ2016 ብታርፍም፥ በስምዋ የሚጠራው የለንደን መሥሪያ ቤት፥ ግንባታው በ2026 የተጀመረውን የቢሾፍቱን አውሮፕላን ማረፊያ ነድፏል። ስለዚህ ሴት ልጁ መሬት ላይ የቤት መልክ ስትጭር ያየ ወላጅ፥ ከመቈጣት ይልቅ ሒሳብ ያስተምራት።