የአፍንጫ ቀዳዳዎች በየተራ ስለ መጥበባቸውና ስለ መስፋታቸው

በጉራጌ አገር፥ በቸሃ ወረዳ፥ በእምድብርና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ሌሊቱ ሲበርድ ብዙ ሰው በጎጆው ውስጥ እሳት አንድዶ ያድራል። በማለዳም ሲነሣ አንደኛው የአፍንጫው ቀዳዳ ጠብቦ፥ ሁለተኛው ሰፍቶ ያገኘዋል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ደግሞ የጠበበው ይሰፋል፥ የሰፋውም ይጠባል። ይህን ያየ ሰው ጉንፋን ይዞኛል ወይም ጢሱ ዘግቶኛል ይላል። ጉንፋንም ጢስም አፍንጫን መዝጋታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳይኖሩ ይህ መፈራረቅ በአብዛኛው ጤነኛ ሰው ዘንድ ይገኛል።

ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው። የአፍንጫ ውስጥ ባዶ ቧንቧ አይደለም። ግራውንና ቀኙን መካከለኛ ግድግዳ ይለየዋል፤ በያንዳንዱም ወገን ሦስት ስስ አጥንቶች፥ አንዱ ከአንዱ በላይ ሆነው፥ እንደ ተጠቀለለ የእንሰት ቅጠል ታጥፈው ይገኛሉ። ከሦስቱም ትልቁ የታችኛው ነው። አጥንቶቹን እርጥብ የሆነ ቀይ ሥጋ ይሸፍናቸዋል፤ በሥጋውም ውስጥ ብዙ የደም ሥሮች አሉ። በየሰዓቱ የሚለወጠው አጥንቱ ሳይሆን ሥጋው ነው። ሰፍነግ ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ፥ ሲጨመቅም እንደሚያንስ፥ ይህም ሥጋ ደም ሲመላበት ያብጣል፥ ደሙ ሲቀንስ ይሟሽሻል።

ሪካርድ ካይዘር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1895 ዓ. ም. ይህን ነገር ገልጾ ጻፈ። ደሙን የሚመጥኑት ከሰው ፈቃድ ውጭ የሚሠሩ ነርቮች ናቸው፤ እነርሱም አንዱን ወገን ሲያሳብጡ ሌላውን ያሳንሳሉ። ተራው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይለወጣል። በሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድነት የሚገባው አየር ግን እምብዛም ስለማይለወጥ፥ ብዙ ሰው ነገሩን ሳያስተውለው ይኖራል።

የአፍንጫ ሥራው አየርን ማሞቅ፥ ማርጠብና ከትቢያ ማጥራት ነው። ብዙ አየር የሚያልፍበት ወገን ስለሚደርቅ፥ አንዱ ሲሠራ ሌላው እርጥበቱን እንዲመልስ ተራው እንደሚረዳ ሊቃውንት ይገምታሉ። በጎኑ የተኛ ሰው ከታች የዋለው ቀዳዳ ይጠብበዋል፤ የሮጠ ሰው ግን ሁለቱም ይሰፉለታል።

መምህሩ ይህን በትምህርት ቤት ሊያሳይ ይችላል። ተማሪው ቀዝቃዛ መስታወት ከአፍንጫው በታች አጋድሞ አፉን ዘግቶ ቢተነፍስ፥ በመስታወቱ ላይ ሁለት የጉም ምልክት ይታያል። ትልቁ በሰፋው ቀዳዳ በኩል ያለው ነው። ጧት፥ ቀትርና ማታ ቢሞክረውና ቢጽፈው፥ ብዙ ጊዜ የምልክቱን መለዋወጥ ያያል።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ተራውን ከበሽታ መለየት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚፈራረቅ፥ ሕመምም የሌለበት መጥበብ መድኃኒት አይሻም፤ ለመክፈት ብሎ ስንጥር መክተት ሥጋውን አቍስሎ ደም ያፈሳል። ነገር ግን መዘጋቱ ተራውን ትቶ በአንድ ወገን ብቻ ቢጸና፥ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ከሕፃን ከአንዱ ቀዳዳ ብቻ የሚገማ ፈሳሽ ቢወጣ፥ ባቄላ ወይም ሌላ ነገር ከትቶ ይሆናል። ባቄላ እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ፥ ውሃ ማፍሰስ ችግሩን ያብሳል፤ በጣት መጐርጐርም ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ከምንጭና ከወንዝ በአፉ ጐንበስ ብሎ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ትንሽ አልቅት ልትገባበት ትችላለች። እርስዋም በአፍንጫው ውስጥ ተጣብቃ ደም እየመጠጠች ታድጋለች፤ ከአንዱ ቀዳዳም ደም ይፈስሳል። በኃይል መጐተት ሥጋውን ስለሚቀድድ፥ እንዲህ ያለውን ሰው፥ ባቄላ የከተተውንም ሕፃን፥ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። አልቅትን ለመከላከልም ውሃን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎና አፍልቶ መጠጣት ነው።

ስለዚህ የአፍንጫውን ተራ የሚያውቅ ሰው ጤነኛውን አያቈስልም፤ የታመመውንም ጉንፋን ነው ብሎ ቸል አይልም።