ከአውሎ ነፋስ በኋላ የጎልፍ ሜዳ ዛፎች

በአሜሪካዋ ጆርጂያ በሚገኘው ኦገስታ ናሽናል የጎልፍ ክበብ አንድ ፓይን ዛፍ በፕሬዚዳንት ስም ይጠራ ነበር። የክበቡ አባል ድዋይት አይዘንሃወር 17ኛው ጉድጓድ ላይ ሲጫወቱ ኳሳቸው 20 ሜትር ገደማ ከሚረዝመው ከዚህ ዛፍ ጋር ደጋግሞ ስለተላተመ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. የአባላት ስብሰባ ላይ ይቆረጥልኝ አሉ። ሊቀ መንበሩ ክሊፎርድ ሮበርትስ ፕሬዚዳንቱን አይሆንም ከማለት ይልቅ ስብሰባውን ዘጉት።

ፕሬዚዳንቱ ያልቻሉትን በረዶ ቻለው። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የጣለው ዝናብ ቅርንጫፎቹ ላይ እየረጋ ዛፉን በክብደቱ ሰባበረው። አይድንም ተባለና ተነሣ፤ በቦታውም ሌላ አልተተከለም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ መስከረም 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ኦገስታን መታ። ውሃ በጠገበ አፈር ላይ ሥር መያዣ ያጣል፤ ትልልቅ ዛፎችም እንዲህ ባለ ቀን ከነሥራቸው ይገነደሳሉ።

ከዚያ በኋላ የሚያሰጋው መጋዙ ነው። ወድቆ የጎበጠ ግንድ እንደተወጠረ ደጋን ስለሆነ፣ የተለጠጠውን ጎን ቀድሞ የቆረጠ ሠራተኛ ግንዱ ተፈናጥሮ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ በተጨመቀው በኩል ትንሽ ይቆረጥና ከዚያ ወደ ሌላው ይዞራል። ተሰብረው ላይ የተንጠለጠሉ ቅርንጫፎች ሳይወርዱም ማንም ከታቻቸው አይቆምም። ሣሩን ላለመጨፍለቅ ማሽኑ በጣውላ ላይ ይሄዳል።

የትኛው ይትረፍ? ግንዱ የተሰነጠቀ ወይም ሥሩ ከመሬት የተነሣ ዛፍ ብዙ ተስፋ የለውም። ቅርንጫፍ ብቻ ያጣው ግን ይድናል። ከባዱ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በኩል ይነካል፤ አለዚያ ሲወድቅ ቅርፊቱን ይዞ ይላጣል። ከግንዱ ጋር የሚያያይዘው እብጠት ሳይነካ ይቀራል፤ ቁስሉ የሚሽረው ከዚያ ነውና። ቀለም መቀባት፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት፣ አይጠቅምም።

ሁሉም ጉዳት አይደለም፤ ጥላ ሥር ይገረጣ የነበረ፣ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የግሪን ሣር ፀሐይና አየር ያገኛል።

ጨዋታውም የራሱን ሕግ ይዟል። የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተጫዋቹ ያለ ቅጣት ያነሣዋል፤ ወድቆ ከጉቶው ያልተለየ ዛፍ ግን እንደቆመ ዛፍ ይቆጠራል። ኦገስታ ዛፎቹ ሳስተውም በየዓመቱ የሚያስተናግደውን የማስተርስን የጎልፍ ውድድር በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. በወቅቱ አካሄደ፤ ሮሪ ማክልሮይም አሸነፈ።