የገጽ ዋጋና የባለቤትነት መብት፦ የኮሚክ ሠዓሊው ጃክ ኪርቢ የሥራ ሕይወት ምን ያስተምራል?

በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ የቡና ችግኝ የሚተክል ሠራተኛ የዋለበትን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ችግኙ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ፍሬ መስጠት ይጀምራል፤ ከዚያም ለአሥርት ዓመታት ይለቀማል። ለቀማው ግን የባለ መሬቱ እንጂ የተካዩ አይደለም። በእኩል የሚያርስ ገበሬ ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ዝናቡ ቢከፋ አብሮ ይጎዳል፤ ምርቱ ቢያምር ደግሞ ከዐውድማው ላይ ድርሻውን ያነሳል። ሁለቱም ሰዎች ሠርተዋል፤ ልዩነቱ ያለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት በተደረገው ስምምነት ላይ ነው።

ይህ ልዩነት በእርሻ ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት ኢንዱስትሪ ውስጥ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያከራክር የቆየው ጉዳይም ይኸው ነው። የክርክሩ ዋና ማሳያ ደግሞ ጃክ ኪርቢ የተባለው ሠዓሊ ነው። ካፒቴን አሜሪካ፣ ኸልክ፣ ቶር፣ ኤክስ ሜን እና ብላክ ፓንተር የተባሉት ገጸ ባሕርያት በእርሱ እርሳስ የተሳሉ ናቸው። እነዚህን ገጸ ባሕርያት በፊልም አማካይነት የዓለም ሕዝብ ያውቃቸዋል፤ ሠዓሊው ግን የተከፈለው በገጽ ተቆጥሮ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የውጭ ታሪክ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሚክ መጽሔት እንዴት ይዘጋጃል?

ኮሚክ መጽሔት ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎች የሚተርክ ቀጭን መጽሔት ነው። እያንዳንዱ ገጽ በሣጥኖች ይከፈላል፤ የተናጋሪው ቃልም ከአፉ አጠገብ በተሣለ ክብ ውስጥ ይጻፋል። ሥራው በአንድ ሰው አያልቅም። ደራሲው ታሪኩን ያዘጋጃል፤ አንዱ ሠዓሊ በእርሳስ ይነድፋል፤ ሌላው በቀለም ብዕር መስመሩን ያጸናል፤ ፊደል ጻፊው ንግግሩን ያሰፍራል፤ ቀለም ቀቢው ይከተላል፤ አርታኢው ደግሞ ሁሉንም በቀነ ገደብ ያስረክባል።

ክፍያው በገጽ ነበር። ብዙ ለመብላት የፈለገ ሠዓሊ ብዙ ገጽ መሣል ይኖርበታል፤ ቢታመም ወይም እጁ ቢዝል ገቢው ይቋረጣል። አሳታሚዎቹ ደግሞ መጽሔቱን ለጋዜጣ መሸጫ ሱቆች የሚያከፋፍሉት ያልተሸጠውን መልሰው ለመረከብ ተስማምተው ነው። ስለዚህ ብዙ ታትሞ ጥቂት ከተሸጠ ኪሣራው የአሳታሚው ይሆናል። አሳታሚዎች «ኪሣራውን የምንሸከም እኛ ከሆንን ባለቤትነቱም የእኛ ነው» የሚል አቋም የያዙት በዚህ ምክንያት ነበር። ክርክራቸው መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ነገር ግን መጽሔቱ በተሸጠ ጊዜ የሚገኘው ትርፍም ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚሄድ ነበር።

የዚህ አሠራር የመጀመሪያው ትልቅ ማሳያ ሱፐርማን ነው። ሁለቱ ወጣቶች፣ ደራሲው ጄሪ ሲገል እና ሠዓሊው ጆ ሹስተር፣ በ1938 ለ13 ገጽ ሥራ 130 ዶላር ተቀብለው የገጸ ባሕርዩን ሙሉ መብት አስረከቡ። ታሪኩ የወጣበት የመጀመሪያው እትም ያን ጊዜ በ10 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ በ2024 ግን አንድ በደንብ የተጠበቀ ቅጂ በጨረታ 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ሲገል እና ሹስተር በእርጅናቸው ችግር ላይ ወድቀው ስለነበር፣ በ1975 የሙያ ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ቅስቀሳ ኩባንያው በየዓመቱ ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ሊከፍልና ስማቸውንም በሥራው ላይ ሊያሠፍር ተስማማ።

ከድኻ ሰፈር እስከ ሚሊዮን ቅጂ

ጃክ ኪርቢ በ1917 በኒውዮርክ ከተማ፣ ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በታችኛው ምሥራቅ ማንሃተን ተወለደ። የመጀመሪያ ስሙ ጃኮብ ከርትዝበርግ ነው። ወላጆቹ ከኦስትሪያ የተሰደዱ አይሁድ ሲሆኑ፣ አባቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ሥዕልን በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተምሮ በወጣትነቱ በአንድ የካርቱን ፊልም ድርጅት ተቀጠረ። በዚያ ሠዓሊዎች በተርታ ተቀምጠው የእንቅስቃሴ ሥዕሎችን ቀኑን ሙሉ ይሥሉ ስለነበር፣ ኪርቢ ቦታውን አባቱ ይሠሩበት ከነበረው ፋብሪካ ጋር ያመሳስለው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትቶት ወጣ።

በ1940 መጨረሻ ከባልደረባው ከጆ ሳይመን ጋር ካፒቴን አሜሪካን ፈጠረ። የመጽሔቱ የመጀመሪያ ሽፋን ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲመታ የሚያሳይ ነበር። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የገባችው ከዚህ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ በመሆኑ፣ ሽፋኑ በጊዜው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። መጽሔቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሸጠ። ሆኖም ሁለቱ ባልደረቦች ከትርፉ ሊደርሳቸው የተባለው ድርሻ በትክክል አልደረሰንም ብለው ከአሥረኛው እትም በኋላ ሥራውን ለቀቁ። ገጸ ባሕርዩ በአሳታሚው እጅ ቀረ።

ኪርቢ በ1943 ለውትድርና ተጠራ፤ በቀጣዩ ዓመት በፈረንሣይ ኖርማንዲ ዘመተ። በክረምቱ ቅዝቃዜ እግሮቹ ክፉኛ ተጎድተው ለመቆረጥ እስከሚያሰጋ ደርሶ ስለነበር ወደ ሆስፒታል ተላከ። ከሞት ተርፎ ሲመለስ የጠበቀው ያው የገጽ ሥራ ነው።

በእኩል የተሠራው ሥራ

በ1947 ግን ኪርቢና ሳይመን የተለየ ስምምነት አደረጉ። «ያንግ ሮማንስ» የሚል የፍቅር ታሪክ መጽሔት አዘጋጅተው ለአንድ አነስተኛ አሳታሚ አቀረቡ። ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቁም፤ በምትኩ ከትርፉ እኩሌታውን ጠየቁ። አሳታሚው ገንዘቡን አስቀድሞ ስለማያወጣ ውሉ አልከበደውም፤ ሠዓሊዎቹም የኪሣራውን ሥጋት ስለተጋሩ ትርፉን የመጋራት መብት አገኙ። መጽሔቱ ገበያውን ያዘ፤ ኪርቢም ለቤተሰቡ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ አገኘ።

በመግቢያው የተነሣው የእኩል እርሻ ምሳሌ በትክክል የሚገጥመው ለዚህ ውል ነው። ሰውየው ያው ነው፤ እጁም ያው ነው፤ የተለወጠው ውሉ ብቻ ነው።

ይህ መልካም ጊዜ ረጅም ዕድሜ አላገኘም። በ1954 አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክ መጽሔት ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አሳተሙ፤ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴም ጉዳዩን በአደባባይ መረመረ። አሳታሚዎቹ መንግሥት ሳይቀድማቸው ራሳቸውን የሚገድቡበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ማኅተሙ የሌለውን መጽሔት አከፋፋዮች አንይዝም ስላሉ ብዙ አሳታሚዎች ተዘጉ። ኪርቢና ሳይመን በራሳቸው ገንዘብ ያቋቋሙት ማተሚያ ድርጅትም ከወደቁት አንዱ ነበር።

የማርቭል ዘመን

ሥራ የጠፋበት ኪርቢ በ1950ዎቹ መጨረሻ በኋላ ማርቭል ተብሎ ወደሚታወቀው ድርጅት ተመለሰ። ከ1961 ጀምሮ ከደራሲና አርታኢ ስታን ሊ ጋር በመሆን ፋንታስቲክ ፎርን፣ ቀጥሎም ኸልክን፣ ቶርን፣ አቬንጀርስን እና ኤክስ ሜንን አወጣ። በ1966 ደግሞ ብላክ ፓንተር በፋንታስቲክ ፎር 52ኛ እትም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ቅኝ ያልተገዛችና በቴክኖሎጂ የመጠቀች የአፍሪካ አገር ንጉሥ ሆኖ የቀረበው ይህ ገጸ ባሕርይ፣ በዋና የአሜሪካ ኮሚክ መጽሔት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ልዕለ ኃያል ጀግና ነው።

በድርጅቱ ይሠራበት የነበረው ዘዴ ለኋላው ክርክር መነሻ ሆነ። ደራሲውና ሠዓሊው ስለ ታሪኩ አጠር ያለ ንግግር ያደርጋሉ፤ ሠዓሊው 20 ገጽ ያህል ሥሎ ትዕይንቱን፣ ፍጥጫውንና ፍጻሜውን ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ደራሲው ንግግሩን ይጽፍበታል። እንዲህ ሲሆን ታሪኩን የፈጠረው ማን ነው? ኪርቢ የታሪኩ ዋና ፈጣሪ እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ሊም በበኩሉ ሐሳቡ ከእርሱ እንደሚመነጭ ይናገር ነበር። ባለቤትነቱን በሚመለከት ግን ሁለቱም አልነበሩበትም፤ ባለቤቱ ድርጅቱ ነው። ሠዓሊዎቹ የሚቀበሉት ቼክ በጀርባው መብትን ለድርጅቱ የሚያስተላልፍ ጽሑፍ ይታተምበት ነበር። ቼኩን ለመመንዘር መፈረም ግድ ነው፤ የፈረመም መብቱን እንዳስረከበ ይቆጠራል።

ኪርቢ በ1970 ቅር ተሰኝቶ ወደ ተፎካካሪው ዲሲ ሄደ፤ በ1975 ተመለሰ፤ በ1978 ደግሞ ለመጨረሻ ጊዜ ለቀቀ። ከዚያ በቴሌቪዥን ካርቱን ድርጅት ውስጥ ሲሠራ የተሻለ ክፍያና የጤና መድን አገኘ። ለአርባ ዓመታት ያህል ኮሚክ የሣለ ሰው የጤና መድን ያገኘው ከኮሚክ ሲወጣ መሆኑ በሙያው ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሣል።

የገጾቹ ክርክር እና የፍርድ ቤት ሙግት

በ1980ዎቹ ማርቭል ለሠዓሊዎች በእጃቸው የሣሏቸውን ገጾች መመለስ ጀመረ። ሠዓሊዎች እነዚህን ገጾች ለሰብሳቢዎች ሸጠው ይጠቀሙ ስለነበር ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ሌሎቹ አጭር ሰነድ ፈርመው ሲረከቡ፣ ለኪርቢ የቀረበለት ግን ረዘም ያለና ብዙ ግዴታ ያለበት ሰነድ ነበር፤ ሊመለስለት የተባለውም 88 ገጽ ብቻ ነው። የሙያ ባልደረቦቹ ተቃውሞ አሰሙ። በ1987 ከ10 ሺህ በላይ ይሆናል ተብሎ ከሚገመተው ሥራው 2 ሺህ ገደማ ገጽ ተመለሰለት። ኪርቢ በየካቲት 1994 በ76 ዓመቱ አረፈ።

ሙግቱን ልጆቹ ቀጠሉ። የአሜሪካ ሕግ ከ1978 በፊት መብቱን ያስተላለፈ ፈጣሪ ወይም ወራሹ ከ56 ዓመት በኋላ መብቱን መልሶ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በአሠሪ ትእዛዝና ወጪ የተሠራ ሥራ ግን በዚህ አይካተትም። በ2009 ዲስኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን ባስታወቀ ማግስት ወራሾቹ ጥያቄ አቀረቡ። ፍርድ ቤቶች በ2011 እና በ2013 ሥራው በአሠሪ ወጪ የተሠራ ነው ሲሉ ለማርቭል ፈረዱ። ጉዳዩ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ሳለ በመስከረም 2014 ሁለቱ ወገኖች ታረቁ። የዕርቁ ዝርዝር ለሕዝብ አልተገለጸም፤ ከዚያ በኋላ ግን በመጽሔቶቹ ላይ የኪርቢ ስም በፈጣሪነት መጠቀስ ጀመረ።

ገበያው እንዴት ተለወጠ?

የእነ ኪርቢ ታሪክ ለተከታዮቹ ሠዓሊዎች መንገድ ከፍቷል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች ተስፋፉ። እነዚህ ሱቆች ያልተሸጠውን ላይመልሱ በቅናሽ ስለሚገዙ የአሳታሚው የኪሣራ ሥጋት ቀነሰ፤ አነስተኛ አሳታሚዎችም ገበያ አገኙ። በ1981 መጨረሻ ዲሲ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከሚሸጥ መጽሔት ለፈጣሪዎቹ ድርሻ ለመክፈል ወሰነ፤ ማርቭልም ተከተለ። በ1992 ደግሞ ታዋቂ ሠዓሊዎች ከማርቭል ወጥተው ኢሜጅ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። በዚያ የገጸ ባሕርዩ ባለቤት ፈጣሪው ራሱ ነው።

ሙያው ወደ አገራችንም ደርሷል። ዕጣን ኮሚክስ ጀምበር የተባለ ኢትዮጵያዊ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። የመጻሕፍት ሥዕል የሚሠሩ፣ የግድግዳ ሥዕልና የንግድ ምልክት የሚነድፉ ወጣቶችም በየከተማው ይገኛሉ።

ለእነርሱ የሚያገለግለው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በአዋጁ መሠረት ሥራው ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በሌላ ግዙፍ ነገር ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃውም በፈጣሪው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ተቀጥሮ ወይም ታዝዞ የሠራ ሰው በውሉ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። በቃል ተስማምቶ ሥዕሉን ያስረከበ ወጣት ነገ ሥራው በሺህ ቅጂ ቢባዛ የሚጠይቀው ላይኖረው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ እርሳሱን ከማንሣት በፊት አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ መመለስ ተገቢ ይሆናል። የሚሸጠው አንዱ ሥዕል ነው ወይስ ገጸ ባሕርዩ ከነመብቱ? ሥራው እንደገና ቢታተም ወይም ወደ ፊልም ቢለወጥ ድርሻ አለ ወይ? ስም ይጠቀሳል? ዋናው ሥዕል ለማን ይመለሳል? ቅድሚያ ክፍያ የሚፈልግ ድርሻውን ሊያሳንስ፣ ድርሻ የሚፈልግ ደግሞ እንደ 1947ቱ ውል ቅድሚያውን ሊተው ይችላል። ምርጫው የሠዓሊው ነው፤ ሊመርጥ የሚችለው ግን ከመፈረሙ በፊት ብቻ ነው።