ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር እስከ ሰሜን ብርድ

በሐዋሳ ከተማ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል በፍቅር ሐይቅ በኩል የሚመላለሱትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ንግግር ያዳመጠ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ሳይሰማ አያልፍም፤ ይኸውም ወይ የፈተና ነገር ነው፥ ወይ የውጭ አገር ነገር ነው። አንዱ ስዊድንን ያነሣል፤ ሌላው ኖርዌይን ወይም ካናዳን ይጠራል። ብዙውን ጊዜ የሚመኟቸው አገሮች ብርዳቸው በዓለም የታወቀ ነው፤ ተመኚዎቹ ግን ይህን የሚናገሩት በአንድ ሸሚዝ ብቻ ሆነው፥ ከሐይቁ የሚመጣው ለስላሳ ነፋስ እየነካቸው፥ የተጠበሰ ቆሮሶ እየበሉ ነው።

ይህን ምኞት የሚነቅፉ ሽማግሎች አይጠፉም። እኛ ግን ለመንቀፍም ለማሞገስም አልተነሣንም። በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንናገር የወደድነው፥ ምኞቱ የአንድ ሰው ሲሆን ጉዞው የመላው ቤት ስለ ሆነ፥ ቤቱ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የሚፈቅደውን ነገር አስቀድሞ ሊያውቀው እንደሚገባ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን የተከበሩ አንባብያን ያስታውሱልን።)

በሰሜን ብርድ መማር ለኢትዮጵያ ልጆች አዲስ አይደለም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው፥ በምጽዋ ነጻ ከወጡ በኋላ በ1876 ወደ ስዊድን ተሻግረው በስቶክሆልም አጠገብ በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት 5 ዓመት ተምረዋል፤ በኋላም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 አሳትመዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከ1896 የዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩስያ ሄደው በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረዋል፤ የ1931ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እርሳቸው ናቸው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ በመርከብ ሲሄድና ሲመለስ ወራት ያልፉ ስለ ነበር፥ የቤተ ሰብ ናፍቆት ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

የሐዋሳና የሰሜን አገሮች ዝምድና ግን ሌላ መነሻ አለው። የኖርዌይ ሚስዮናውያን በ1948 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው ሥራ ጀመሩ፤ በይርጋ ዓለም ያለው ሆስፒታልም ከእነርሱ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ሐዋሳ ራሷ ከተማ ሆና የተቈረቈረችው በ1960 ገደማ ሲሆን፥ የእርሻ ኮሌጇ በ1976 ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በወንዶ ገነት፥ በፍል ውሃውና በደኑ አጠገብ፥ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የደን ትምህርት ቤት ቆመ። እነዚህ ሁለቱ በ2000 ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተጣምረው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ በ2006 ስሙ ተለውጦ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስለዚህ የወንዶ ገነት ሰው ስለ ደን ለመማር ወደ ስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ፥ የእርሻ ኮሌጁ ሰው ከኦስሎ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትገኘው ወደ ኦስ፥ የጤና ሰው ደግሞ ዝናም ወደማይለያት ወደ በርገን ይሄድ ጀመር።

የዶክትሬቱ ትምህርት ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው «ሳንድዊች» በሚሉት ሥርዐት ነው። አስተማሪው መጀመሪያ ጥቂት ወራት ወደ ውጭ ሄዶ ይማራል፤ ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ በሲዳማ ወይም በጌዴኦ መሬት የአፈሩን ጠባይ፥ የዛፉን እድገት፥ የሕፃኑን ክብደት ሲመዝንና ሲመዘግብ ይከርማል፤ የሰበሰበውንም ይዞ ለመጻፍ እንደ ገና ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጽሑፉን በመምህራን ፊት ለመከራከር ይጓዛል። ነገሩ ሁሉ አራት ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሥርዐቱ የተቋቋመበት ምክንያት መልካም ነው፤ ጥናቱ ከአገር እንዳይርቅ፥ አስተማሪውም በዚያው እንዳይቀር ይረዳል። ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚሸኝና የሚቀበል ቤት ከአንድ ረጅም መለየት ይልቅ በተቈራረጠ መለየት እንደሚደክም የሥርዐቱ ደራሲዎች ያሰቡበት አይመስለንም።

በራሱ ገንዘብ ሊማር ለሚመኘው ወጣት በሩ ከቀድሞው ጠብቧል። ስዊድን ከ2011 ጀምሮ፥ ፊንላንድ ከ2017 ጀምሮ፥ ኖርዌይም ከ2023 ጀምሮ ከኤውሮፓ ውጭ ከሚመጡ ተማሪዎች የትምህርት ዋጋ ያስከፍላሉ። ከዚያ በፊት የነበረውን ነጻ ትምህርት እየጠቀሰ «እኔ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ዛሬም በየከተማው አለ። ለእንደዚህ ያለው ሰው ቦታ ወይም ቤት ሽጦ መክፈል ከንቱ ኪሳራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት ከተማሪው ከራሱ ነውና ደላላ አያስፈልጋቸውም። ዋጋውን የሚሸፍን የነጻ ትምህርት ዕድል በውድድር ይገኛል፤ ካልተገኘ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት መዘጋጀት ይሻላል።

አሁን ስለ ብርዱ እንናገር። በቋንቋችን ብርድ፥ ቁር፥ ውርጭ፥ አመዳይ እንላለን፤ ከሰማይ ለሚወርደው ግን እንደ ጠጠር የሚወቅጠውም ሆነ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚንሳፈፈው ስሙ ያው በረዶ ነው። ስለዚህ እናት ልጇ «በረዶ ጣለ» ሲላት የምታስበው በክረምት ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ነው። የሰሜኑ ግን ድምፅ የለውም፤ ሰው ተኝቶ አድሮ ጠዋት አገሩን ሁሉ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል።

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል የሐዋሳ ልጅ ብርድን ብዙም አያውቅም። የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚያገኘው እዚሁ አገሩ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ዕጣው ደብረ ብርሃን ከወጣለት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት አምባ ላይ ያድራል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ፥ ጎረቤቷ መንዝም በበርኖሱና በባናው መታወቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ተመርቆ በኋላ ኡፕሳላ የሚደርስ ሰው አንድ ያልጠበቀውን ነገር ያያል። በደብረ ብርሃን ብርዱ ከሰው ጋር ቤት ይገባል፤ መኝታ ቤቱ ማሞቂያ ስለሌለው ተማሪው ጋቢ ተከናንቦ ያጠናል። በስዊድን ግን ግድግዳው ወፍራም፥ የመስኮቱ መስታወት ድርብ ነው፤ በክፍሉም ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ብረት አለ። ስለዚህ ደጁ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ውስጡ 20 ዲግሪ ይሆናል፤ ሰውም በሸሚዝ ይቀመጣል። ብርዱ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ እንጂ ቤት የሚገባ አይደለም። ከዚህ የተነሣ ወፍራም ካፖርት ከአዲስ አበባ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ መሄድ ጥቅም የለውም፤ ለዚያ አገር ብርድ የተሠራው በዚያው አገር ይገኛል፥ ያገለገለውም በርካሽ ይሸጣል። በሻንጣው ውስጥ የካፖርቱን ቦታ በርበሬና ሽሮ ቢይዘው ይሻላል።

በአውቶቡስ ውስጥ «ነፋስ ይመታናል» ብለን መስኮት ለምናዘጋ ለእኛ ይልቁንም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በስዊድንና በኖርዌይ እናቶች ሕፃናትን በሚገባ ጠቅልለው በጋሪ ውስጥ ከቤት ውጭ፥ በብርድ ወራት እንኳ፥ የቀን እንቅልፍ ያስተኟቸዋል። አየሩ ለልጁ ይስማማዋል ብለው ያምናሉ። ይህን አይታ ያልደነገጠች ኢትዮጵያዊት እናት ትኖራለች ብለን አናምንም።

ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው ጨለማው ነው። በሐዋሳ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። በኡፕሳላ ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በሰማይ የምትቆየው ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያ በስተ ሰሜን በኡሜዮ አምስት ሰዓት እንኳ አይደርስም። በሰኔ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ሌሊቱ ሳይጨልም ይነጋል። በክረምታቸው የእነርሱ ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ በሐዋሳ ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኖ ፀሐይ ገና ሐይቁ ላይ ሳለች ሚስት ስልክ ብትደውል፥ ባል ያለበት አገር 9 ሰዓት ነው፥ ግን ጨልሟል። እርስዋ «ገና ምሳ ሰዓት እንኳ አላለፈህም፥ ለምን ድምፅህ ደከመ?» ብትለው ምክንያቱ ይህ ነው። ሐኪሞች እንደሚናገሩት ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ፀሐይ በሚያንስበት አገር ከፀሐይ የሚገኘው ዲ የሚባለው ቪታሚን ቶሎ ይጎድለዋል፤ ሐኪም ጠይቆ እንክብሉን መውሰድ እንደ ቅንጦት መቈጠር የለበትም። ስለ ምግብ ብዙ አንልም፤ የእንጀራ ሊጥ በብርድ አገር ኩፍ ማለት እንደሚዘገይበትና ማሞቂያው አጠገብ ማኖር እንደሚረዳ ካወቀ ይበቃዋል። ቡና እንደሆነ አይቸግረውም፤ የሰሜን ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት መካከል ናቸው፥ የሲዳማን ስም በቡና ከረጢት ላይ ተጽፎ በሱቅ ያገኘዋል።

ወደ ቤቱ እንመለስ። አስተማሪ ለትምህርት ሲሄድ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ይፈርማል፤ ተመልሶ ለተወሰነ ዘመን ለማገልገል ቃል ይገባል፥ ዋስም ይጠራል። ዋሱ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም የልብ ወዳጅ ነው። ተጓዡ በዚያው የቀረ እንደ ሆነ ዕዳው የሚወርደው በዚህ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ የሚፈርመውን ሰው በቡና ሰዓት በችኰላ ጠርቶ «እዚህ ላይ ፈርምልኝ» ማለት ነውር ነው፤ የዋሱም ሚስት ልታውቀው ይገባል፥ የእርስዋም የቤት ገንዘብ ነውና። ደመወዝ የምታወጣውም ሚስት ሕጋዊ ውክልና ከጉዞው በፊት በእጅዋ ሊኖር ይገባል፤ ሰውየው ኦስ ከደረሰ በኋላ ይህን በስልክ ማስተካከል አይቻልም።

ተጓዧ ሚስቲቱ የሆነች እንደ ሆነ የጎረቤት አፍ ይበረታል። ባል ሲሄድ «ለትምህርት ሄደ» የሚለው ሰው፥ ሚስት ስትሄድ «ልጆቿን ጥላ ሄደች» ይላል። ይህ ፍርድ የተዛባ ነው፤ በእነዚሁ ኮሌጆች የሚያስተምሩ ሴቶች ቍጥር ከወንዶቹ እጅግ አንሶ የኖረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አማት ቤቱን ለመያዝ የመጣች እንደ ሆነ ምስጋና ይገባታል፤ ነገር ግን በእርስዋ ትከሻ ላይ አራት ዓመት መጣል አይገባም፥ ተራ መግባት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ጉዞ ዘመድ ሁሉ ይሸኛል፤ ሽማግሎች ይመርቃሉ፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። በሦስተኛው ጉዞ ግን ወደ አውሮፕላን ጣቢያ የምትሄደው ሚስቲቱ ብቻ ናት፤ ተመልሳም ልጆቹን እራት ታበላለች። የዘመድ ወግ ሊታሰብ የሚገባው በዚያች ማታ ነበር።

በመጨረሻ የምናነሣው ሰዎች ለመናገር የሚፈሩትን ነው። በአገራችን ልማድ ለሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቱ ይሄዳል፥ ይዞት ያለቅሳል። በሩቅ አገር ላለው ሰው ግን ማን ይሂድለት? ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ ይደብቃል። እናቱ ሞታ ሳለ «ትንሽ አሟት ተኝታለች፥ ሌላ ቀን ታነጋግርሃለች» ይባላል፤ ይህ ለወራት ይቀጥላል። ሰውየው ስጦታ ይዞ ይመለስና በር ላይ ጥቁር የለበሰች እኅቱን ያያል። የሚደብቁት ከፍቅር የተነሣ መሆኑን አንጠራጠርም፤ ብቻውን ሆኖ ራሱን እንዳይጎዳ፥ ትምህርቱም እንዳይሰናከል ብለው ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በሚቀጥለው ጉዞ ቤቱ «ደኅና ነን» ሲለው አያምንም፤ ሌሊት እየተነሣ ይደውላል፥ የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ በየተራ ካልሰማ አይተኛም።

በኡፕሳላም በኦስሎም በበርገንም ኢትዮጵያውያን አሉ፤ በእንደዚህ ያለው ቀን ተሰብስበው እንደ አገር ቤት በማለዳ በር የሚያንኳኩ፥ ቡና አፍልተው የሚያስተዛዝኑ ሰዎች አይታጡም። ተጓዡ ከመሄዱ በፊት ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ክፉ ነገር የመጣ እንደ ሆነ እንዲነገረው ወይም እንዳይነገረው ራሱ ይቍረጥ። እንዲነገረው የሚወድም ከሆነ በደረሰበት ከተማ የሚያምነውን የአንድ ኢትዮጵያዊ ስምና የስልክ ቍጥር ለታላቅ ወንድሙ ይላክ፤ ወንድሙም ይህን ወረቀት የዋስትናው ውል ባለበት ሣጥን ውስጥ ያኑረው።